የተቃጠለ ዘይት የሚመገቡ ባክቴሪያዎች ምን ይሻሉ?

በአዲስ አበባ በአንድ ጋራዥ ደጃፍ ያለፈ ሰው ሁሉ ያን ጥቁር መሬት ያውቀዋል። አፈሩ ለዓመታት ዘይት ጠጥቶ፣ በጎማ ተረግጦ፣ በበጋ እንደ አስፋልት ይጠነክራል፤ በክረምት ዝናብ ሲመታው ደግሞ በላዩ ቀስተ ደመና የመሰለ ስስ ሽፋን ይንሳፈፋል። ያ ሽፋን ከግቢው ወደ ቦይ፣ ከቦዩ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ ከተማዋን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳሉ፤ በዳርቻቸው ቆስጣ፣ ሰላጣና ጥቅል ጎመን ይለማል፤ ውሃውም ለመስኖ ይጠለፋል።

ከአንድ የቤት መኪና ሞተር በአንድ ጊዜ የሚወርደው የተቃጠለ ዘይት 4 ሊትር ያህል ነው፤ ከከባድ የጭነት መኪና ግን ብዙ እጥፍ ይሆናል። ከዚህ አንዳንዱ በበርሜል ተጠራቅሞ ይሸጣል፤ አንዳንዱ ምስጥ እንዳይበላው የአጥር ቋሚ ይቀባበታል፤ ቀሪው ይደፋል። ኢትዮጵያ በ2024 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክላለች፤ ቀደም ብለው የገቡት ግን ዘይት መለወጣቸውን አላቆሙም።

በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ የፈለግነው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ዘይትን የሚመገቡ ባክቴሪያዎች መኖራቸው ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነገር ነው። እንዲህ ከሆነ የጋራዦቻችንን ጥቁር አፈርና የወንዞቻችንን ቅባት ስለ ምን አይበሉልንም? ምክንያቱ የባክቴሪያ እጥረት አይደለም። ባክቴሪያዎቹ በዚያው በጥቁሩ አፈር ውስጥ አሉ። የጎደለው ሌላ ነው፤ ከጎደለውም ዋነኛው አየር ነው።

አስቀድመን ምግቡን እንወቅ። አዲስ የሞተር ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚጣራ፣ በአመዛኙ ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠሩ ሞለኪውሎች ድብልቅ ነው። ኬሚስቶች እነዚህን ሃይድሮካርቦን ይሏቸዋል። በአንዱ ሞለኪውል ውስጥ ከ15 እስከ 50 የሚደርሱ የካርቦን አቶሞች ይኖራሉ፤ አንዳንዱ እንደ ክር የተዘረጋ፣ አንዳንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣ፣ አንዳንዱም እንደ ቀለበት የገጠመ ነው። ፋብሪካው በዚህ ላይ የሞተር ክፍሎችን ከመበላት የሚጠብቁ ቅመሞች ይጨምርበታል፤ ከእነዚህ በብዛት የሚሠራበት ዚንክ ያለበት ነው። ዘይቱ በሞተር ውስጥ ሲቆይ በሙቀት ይሰባበራል፤ ጥላሸት ይጠጣል፤ ካልተቃጠለው ነዳጅ የተወሰነ ይገባበታል። በርካታ ቀለበቶች የተያያዙባቸው፣ አንዳንዶቹ ነቀርሳ አምጪ የሆኑ ሞለኪውሎችም ይከማቹበታል። እርስ በርስ ከሚፋተጉት የሞተር ክፍሎች ደግሞ የብረት፣ የመዳብና የእርሳስ ብናኝ ይቀበላል። ቤንዚን እርሳስ ይጨመርበት በነበረበት ዘመን በተቃጠለ ዘይት ውስጥ የሚገኘው እርሳስ እጅግ የበዛ ነበር፤ በዓለም ላይ እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን መሸጡ ያበቃው በ2021 ነው። የእነዚህ ብረታት ነገር ወደ ኋላ ይመለስብናልና አንባቢ ልብ ይበል።

ከጎመን ቅጠል የተጀመረ ሙያ

ሞተር ከተፈለሰፈ ገና ሁለት መቶ ዓመት አልሞላውም። ታዲያ ባክቴሪያ ይህን ምግብ መብላት ከየት ተማረ? ለመልሱ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ በጎመን ቅጠል ላይ ጥቂት ውሃ ማፍሰስ ይበቃል። ውሃው ቅጠሉን ሳያርስ እየተድቦለቦለ ይንከባለላል። ይህ የሚሆነው ቅጠሉ ስስ የሰም ልባስ ስላለው ነው። የጥቅል ጎመን ሰም ዋነኛ ክፍል ደግሞ 29 የካርቦን አቶሞች በአንድ መስመር የተያያዙበት ሃይድሮካርቦን ነው። ይህ ሞለኪውል በሞተር ዘይት ውስጥ ካሉት ቀጥ ያሉ ሞለኪውሎች ጋር አንድ ዓይነት ነው። ቅጠል ረግፎ በሚበሰብስበት ሁሉ ይህን ሰም የሚፈታ ባክቴሪያ አለ። በባሕርም ነገሩ እንዲሁ ነው፤ ከባሕር ወለል ስንጥቆች የሚፈልቅ ድፍድፍ ነዳጅ የሰው ልጅ ጉድጓድ መቆፈር ሳይጀምር አስቀድሞ ነበር። ከሰሜን ባሕር ደሴት ከቦርኩም ስሙን ያገኘውና በ1998 በሳይንስ መዝገብ የተመዘገበው አልካኒቮራክስ ቦርኩሜንሲስ ከሃይድሮካርቦን ሌላ ምግብ እምብዛም አይነካም።

የአፈር ባክቴሪያዎች እንዲህ መራጮች አይደሉም። ሱዶሞናስ፣ አሲኔቶባክተርና ሮዶኮከስ የተባሉት ወገኖች ያገኙትን ይበላሉ፤ ዘይት ሲመጣም ዘይት ይበላሉ። ንጹሕ በሆነ አፈር ውስጥ ዘይት ለመብላት የሚችሉት ከጠቅላላው ባክቴሪያ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ላይሞሉ ይችላሉ። ዘይት ሲደጋገምበት ግን ቁጥራቸው በብዙ እጥፍ ያድጋል። የጋራዥ ግቢ አፈር፣ ሳይታሰብ፣ የእነዚህ ባክቴሪያዎች ማራቢያ ነው።

ሲበሉም የሚገጥማቸው የመጀመሪያው ችግር የዘይትና የውሃ አለመስማማት ነው። ባክቴሪያ በውሃ ውስጥ ይኖራል፤ ምግቡ ግን ከውሃ ጋር አይዋሐድም። ስለዚህ ብዙዎቹ ሳሙና መሰል ነገር ያመነጫሉ፤ ዘይቱም ወደ ደቃቅ ጠብታዎች ይበታተናል። የተከተፈ ድንች ካልተከተፈው ቀድሞ እንደሚበስል ሁሉ፣ የተበታተነ ዘይትም ቶሎ ይበላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ የሁሉ ቁልፍ ነው። ሃይድሮካርቦን እልኸኛ የሆነው የሚያዝበት እጀታ ስለሌለው ነው። ባክቴሪያው በልዩ ኢንዛይም አማካይነት ከአየር የመጣ አንድ የኦክስጅን አቶም በሞለኪውሉ ጫፍ ላይ ይሰካል፤ ይህች አቶም እጀታ ትሆናለች። ሞለኪውሉ በመጀመሪያ አልኮል፣ ቀጥሎ አልዲሃይድ፣ ከዚያም የስብ አሲድ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ለእኛም ቤተኛ ነው። ቅቤ የበላ ሰው ሰውነት ስቡን እንደሚያቃጥል ባክቴሪያውም ሰንሰለቱን ሁለት ሁለት ካርቦን እየቆረጠ ይጨርሰዋል። የሚተርፈው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃና አዲስ ባክቴሪያ ነው። ቀለበት ለሠሩት ሞለኪውሎች ሁለት የኦክስጅን አቶሞች ገብተው ቀለበቱን ለመሰበር ያዘጋጁታል፤ አራት አምስት ቀለበት ያያያዙት ግን ለብዙ ጊዜ ሳይነኩ ይቆያሉ። ናፍጣ ከሞተር ዘይት ቀድሞ የሚጠፋውም በሞለኪውሎቹ ማነስ ነው። ኦክስጅን በሌለበት ዘይት የሚመገቡ ባክቴሪያዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ሥራቸው እጅግ አዝጋሚ ስለሆነ ለጋራዥ ጉዳይ ተስፋ የሚጣልባቸው አይደሉም።

የኦክስጅን ሒሳብ

እስኪ ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። አንድ ሊትር የሞተር ዘይት 880 ግራም ያህል ይመዝናል። አንድ ግራም ዘይት ፈጽሞ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ እስኪለወጥ ድረስ 3.4 ግራም ያህል ኦክስጅን ይፈጃል። እንግዲህ አንዱ ሊትር 3 ኪሎ ግራም ግድም ኦክስጅን ይጠይቃል ማለት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ፣ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን 7 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው። ሦስቱን ኪሎ ግራም ለ7 ሚሊ ግራም ስናካፍል ከ400 ሺህ ሊትር በላይ ውሃ እናገኛለን። ባለ 10 ሺህ ሊትር የውሃ ቦቴ ቢሆን ከ40 በላይ ቦቴ መሆኑ ነው፤ ያውም ለአንዲት ሊትር ዘይት፣ ያውም ውሃው ንጹሕ ቢሆን። የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ የተቀበለ ወንዝ ግን ኦክስጅኑን አስቀድሞ ለዚያ ፍሳሽ ከፍሎ ጨርሶታል። ወንዙ ከአየር አዲስ ኦክስጅን መሳቡ አይቀርም፤ ወፍራም ዘይት ሲነጠፍበት ግን ይህም ይዘገያል።

አሁን ያንኑ 3 ኪሎ ግራም ኦክስጅን ከአየር እንውሰደው። በአዲስ አበባ ከፍታ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 200 ግራም ያህል ኦክስጅን አለ። ስለዚህ የሚያስፈልገን 15 ሜትር ኩብ አየር ነው፤ አንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል የምትይዘው ማለት ነው። አንዱን ሊትር ዘይት ለመብላት በአንድ በኩል ከ40 ቦቴ በላይ ውሃ፣ በሌላ በኩል አንዲት ክፍል አየር! በእኛ እምነት በዚህ ጉዳይ ከሚነሡት ቁጥሮች ሁሉ ሊታወስ የሚገባው ይህ ነው። ባክቴሪያው ወንዝ ውስጥ ይታፈናል፤ አየር በሚገባው አፈር ውስጥ ግን ይሠራል።

አንባቢ በዚህ ላይ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤን ሊያነሣብን ይችላል። በሚያዝያ 2010 ዲፕዋተር ሆራይዘን የተባለው የነዳጅ መቆፈሪያ ፈንድቶ 11 ሠራተኞች ሲሞቱ፣ ጉድጓዱ ለ87 ቀናት ሳይዘጋ ባሕሩ ውስጥ ነዳጅ ፈሰሰ። ከ1,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ፣ ሙቀቱ 5 ዲግሪ ግድም በሆነ ውሃ ውስጥ፣ ዘይት በሊ ባክቴሪያዎች በብዛት ተራብተው ተገኝተዋል። ኦክስጅንም መቀነሱ ተለክቷል፤ አልተሟጠጠም እንጂ። ነገር ግን እዚያ ዘይቱ ወደ ደቃቅ ጠብታ ተበታትኖ በእጅግ ሰፊ ውሃ ውስጥ ተሠራጭቶ ነበር። ባሕረ ሰላጤው የሚያወጣው ኦክስጅን ነበረው። በበጋ በድንጋይ ላይ ተራምደን የምንሻገረው ወንዝ የለውም።

የአላስካ የባሕር ዳርቻ

ከአየር ቀጥሎ ያለውን እጥረት ያስተማረን ሌላ አደጋ ነው። መጋቢት 24 ቀን 1989 ኤክሰን ቫልዲዝ የተባለች የነዳጅ መርከብ በአላስካ፣ በፕሪንስ ዊሊያም ሳውንድ፣ ከባሕር ውስጥ ዐለት ጋር ተጋጨች። ወደ 40 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ድፍድፍ ነዳጅ ፈሰሰ፤ የጠጠርና የድንጋይ ዳርቻዎችም በጥቁር ቅባት ተለበጡ። ሳይንቲስቶች ሲመረምሩ ዘይት በሊ ባክቴሪያዎች በዳርቻው መኖራቸውን አረጋገጡ። የሚበሉት ካርቦን ሞልቶ ተርፏል። ይሁን እንጂ አካል ለመሥራት ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ያስፈልጋል፤ በዘይት ውስጥ ደግሞ እነዚህ የሉም ማለት ይቻላል። ነገሩ ጤፍ በጎተራ ሞልቶ ውሃ ያጣ ቤት ይመስላል፤ ዱቄት አለ፣ እንጀራ የለም።

ስለዚህ ለባክቴሪያዎቹ ማዳበሪያ ተሰጣቸው። አንደኛው ዓይነት ከዘይት ጋር የሚጣበቅ ፈሳሽ ነበር፤ ሁለተኛው ቀስ እያለ የሚሟሟ እንክብል። በመጀመሪያዎቹ የሙከራ መደቦች፣ ማዳበሪያ የተረጨበት ቁራሽ መሬት በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ካልተረጨው ተለይቶ ሲነጣ በዓይን ታየ። ከዚያ በኋላ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ዳርቻ በዚሁ ዘዴ ታከመ።

የአላስካው ሥራ ሁለት ተጨማሪ ነገሮች አሳይቷል። በ1990 በፋብሪካ የተዘጋጁ የባክቴሪያ ምርቶች ከተፈጥሮዎቹ ጋር ለማወዳደር በዳርቻው ላይ ሲሞከሩ፣ ማዳበሪያ ብቻ ካገኙት የአገሬው ባክቴሪያዎች የሚበልጥ ውጤት አላሳዩም። የሌላ አገር ባክቴሪያ ወደ አዲስ አፈር ሲገባ እንግዳ ነው፤ ነባሮቹ ብርዱን፣ ጨዉን፣ አዳኙን ሁሉ ለምደው ተቀምጠዋል። ዘይትን ጠራርጎ ያጠፋል ተብሎ በከረጢት የሚቀርብ ዱቄት ሲያጋጥመን ከማዳበሪያ ጋር ተወዳድሮ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ይመስለናል። ሁለተኛው ነገር ከዓመታት በኋላ የታየ ነው፤ በአንዳንድ ዳርቻዎች ከጠጠሩ ሥር የተቀበረው ዘይት 20 ዓመት ቆይቶም አልጠፋም ነበር። በ2010 የታተመ ጥናት ምክንያቱን አሳየ፤ በዚያ ጥልቀት ያለው ውሃ እምብዛም ስለማይንቀሳቀስ ኦክስጅንና ምግብ አይደርስም። እንደገና አየር!

ይህን ካነሣን ዘንድ ስለ አናንዳ ቻክራባርቲም ጥቂት ማለት ይገባል። ሕንድ የተወለደው ይህ ሳይንቲስት በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሲሠራ፣ ከተለያዩ ባክቴሪያዎች የተወሰዱ ዘይት የመፍጨት ችሎታዎችን በአንድ የሱዶሞናስ ዝርያ ውስጥ አሰባሰበ። ይህን ፍጡር በፈጠራ መብት ማስመዝገብ ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው ክርክር እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ1980 በ5 ለ4 ድምፅ ፈቀደ። ውሳኔው የባዮቴክኖሎጂን ኢንዱስትሪ መንገድ ከፍቷል። ባክቴሪያው ግን የፈሰሰ ዘይት ለማጽዳት መስክ ላይ ሳይሰማራ ቀረ። የሕግ ትምህርት ቤቶች ከባሕር ዳርቻዎች ይልቅ ያውቁታል።

ክምሩ

እንግዲህ ወደ ጋራዡ እንመለስ። በርሜል ውስጥ ያለ የተቃጠለ ዘይት የባክቴሪያ ጉዳይ አይደለም፤ ተጣርቶ እንደገና ቅባት ሊሆን፣ ወይም በከፍተኛ ሙቀት በሚሠራ ምድጃ ሊቃጠል ይችላል። ባክቴሪያ የሚፈለገው ለፈሰሰውና ለማይለቀመው ነው።

ዘይት የጠጣው አፈር ተቆፍሮ ይወጣና ውሃ በማያሳልፍ ወለል፣ በሲሚንቶ ወይም በወፍራም ፕላስቲክ ላይ ይነጠፋል። ውፍረቱ ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከዚያ ካለፈ ዶማና አካፋ አየር አያደርሱለትም። የአቃቂ ሜዳ መረሬ አፈር ሲርስ ስለሚጣበቅ የጤፍ ጭድ ወይም ከአናጢ ቤት የሚገኝ ሰጋቱራ ቢደባለቅበት አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይፈጠራል። ዘይቱ ከአፈሩ ክብደት ከመቶ 5 እጅ የሚያልፍ ከሆነ ለባክቴሪያዎቹም ይከብዳቸዋልና ንጹሕ አፈር ሊጨመር ይገባል።

የማዳበሪያው ልክ እንዲህ ይሰላል። በ10 ኩንታል አፈር ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ ዘይት ቢኖር 10 ኪሎ ግራም ዘይት ነው፤ ከዚህ 8.5 ኪሎ ግራሙ ካርቦን ነው። ለ100 እጅ ካርቦን 10 እጅ ናይትሮጅንና 1 እጅ ፎስፎረስ የሚለውን የተለመደ መነሻ ብንይዝ 850 ግራም ናይትሮጅን እንፈልጋለን። ዩሪያ ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን ስለሆነ 1 ኪሎ ከ850 ግራም ዩሪያ ይበቃል፤ ለፎስፎረሱ የከብት ፍግ መጨመር ይቻላል። ዩሪያውን ግን ከፋፍሎ መስጠት ይሻላል፤ በአንድ ጊዜ ከተበተነ የሚለቀው አሞኒያ ባክቴሪያዎቹን ይጎዳል። ሰጋቱራ የገባበት ክምር ደግሞ ከዚህ ትንሽ ይጨምርለት፤ ሰጋቱራው ራሱ ሲበሰብስ ናይትሮጅን ይሻማል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ማገላበጥና ማርጠብ ነው። አፈሩ በእጅ ሲጨበጥ እርጥብ መሆኑ የሚታወቅ፣ ውሃ ግን የማይንጠባጠብ መሆን አለበት። በክረምት ክምሩ መከደን ይኖርበታል፤ አለበለዚያ ዝናቡ ማዳበሪያውንም ዘይቱንም ይዞ ወደ ወንዙ ይሄዳል፣ የሸሸነውም ይደርስብናል። ናፍጣ የፈሰሰበት አፈር በጥቂት ወራት ሊጠራ ይችላል። የሞተር ዘይት ግን ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ያም ሆኖ ከባዱ ክፍሉ ይተርፋል። የጥቁረቱ መቀነስ ወይም አለመቀነስ ለፍርድ አያበቃም፤ ጥላሸት ባክቴሪያ አይበላውም። ስለዚህ ከዚያው አፈር ጥቂቱ ማዳበሪያም ማገላበጥም ሳያገኝ ለብቻው ሊቀመጥና በሁለቱም የቀረው ዘይት በላቦራቶሪ ሊለካ ይገባል። ያለዚህ ንጽጽር ባክቴሪያው የበላውንና ዝናብ ያጠበውን መለየት አይቻልም።

ወደ ብረታቱ እንመለስ ብለን ነበር። ባክቴሪያ ሞለኪውልን ይሰብራል እንጂ አቶምን አይሰብርም። እርሳሱ፣ ዚንኩና መዳቡ ዘይቱ ካለቀም በኋላ በአፈሩ ውስጥ እንዳሉ ይቀራሉ፤ አፈሩ ጠረኑ ጠፍቶ፣ ለስልሶ፣ ሣር ሊያበቅልም ይችላል። በአዲስ አበባ ወንዞች ውሃ በለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረታት አግኝተዋል፤ ምንጫቸው ከፋብሪካ ፍሳሽ ጀምሮ ብዙ ነው፤ የጋራዥ ዘይትም የራሱን ይጨምራል። ስለዚህ ከክምሩ የወጣው አፈር የብረቱ መጠን ሳይለካ ወደ ቆስጣና ሰላጣ መደብ መመለስ የለበትም። መጠኑ ከፍ ብሎ ከተገኘ የሚሆነው ከወንዝና ከጉድጓድ ውሃ ርቆ፣ ከሲሚንቶ ወይም ከአስፋልት ሥር፣ ዝናብ በማይደርስበት ስፍራ ነው።